አሊያስ፦ ለሰው ሳይሆን ለሥራ የሚሰጥ የኢሜይል ስም

በመሐል ሜዳ ባና እና በርኖስ የሚያመርት አንድ ማኅበር አለ እንበል። በታፔላውም በደረሰኙም ላይ የተጻፈው ኢሜይል የሒሳብ ሠራተኛዋ የወይዘሮ አስቴር የግል አድራሻ ነው። ወይዘሮ አስቴር ሥራ ለቀው አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የገዢ ትእዛዝ፣ የባንክ መግለጫ፣ የጨረታ ጥሪ የሚሄደው ማኅበሩ ሊከፍተው ወደማይችል ሳጥን ነው። አዲሱ ሠራተኛ አቶ ካሳ በበኩላቸው በስማቸው አድራሻ ይከፍታሉ፤ ታፔላው ይቀየራል፤ ደረሰኙ እንደገና ይታተማል። እሳቸውም ሲለቁ ነገሩ ከ«ሀ» ይጀምራል።

ለዚህ ችግር ከ40 ዓመት በላይ የቆየ መላ አለው፤ አሊያስ ይባላል። የራሱ ሜይል ሰርቨር፣ ማለትም ኢሜይል የሚቀበልና የሚያደርስ ኮምፒውተር፣ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ በነጻ አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይጠቀምበትም፣ ወይም ሞክሮት «አልሠራ አለ» ብሎ ይተወዋል። አልሠራ ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ የሁለት ነገር መምታታት ነው፦ የፖስታው እና የደብዳቤው። እዚያ እንደርሳለን።

አስቀድሞ አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ አድራሻዎችን፣ የፋይል ስሞችንና ትእዛዞችን በፊደላችን የጻፍናቸው አነባበባቸው እንዲያዝ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሲገቡ ሁሉም በላቲን ፊደል፣ በትንንሾቹ፣ ይተየባሉ። በፊደላችን የተጻፈ የኢሜይል አድራሻ እንዲኖር የሚፈቅድ ስምምነት ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን የላኪውም የተቀባዩም ሰርቨር ካልደገፈው መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ለታፔላ ገና አይመከርም።

አሊያስ ማለት ምን ማለት ነው?

የራሱ ሳጥን፣ የራሱ የይለፍ ቃል የሌለው አድራሻ ነው። የሚጠቁመው ወደ ሌላ አድራሻ ብቻ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ ተወለዱ፤ የፈረስ ስማቸው «አባ ዳኘው» ነበር። «አባ ዳኘው» ብሎ የጠራም «ምኒልክ» ብሎ የጠራም የሚያገኘው አንድ ሰው ነው። አሊያስም አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ለአንድ ሳጥን ሁለተኛና ሦስተኛ ስም ይሰጣል። ለኛ ደግሞ ይህ ከሌላው ይልቅ ያስፈልገናል፤ ስማችን በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውምና። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ። መጨረሻው ላይ አንዱ ዋይ ያደርጋል፣ ሌላው አይ። አራቱንም አጻጻፍ ወደ አንዱ ሳጥን የሚያመለክት አሊያስ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ «ላክሁልህ»፣ «አልደረሰኝም» የሚለውን ክርክር ያስቀራል።

ሁለተኛው ጥቅም የሹመት ስም ነው። ከምኒልክ በፊት ከነበሩት የሸዋ ገዥዎች በርካቶቹ «መርድ አዝማች» ይባሉ ነበር። ሰውየው ሲያልፍ ማዕረጉ አብሮ አይቀበርም፤ ለተተካው ይሆናል። «ሒሳብ»፣ «ሽያጭ»፣ «መረጃ» የሚሉት አድራሻዎች እንዲህ ናቸው። ታፔላው ላይ የሚጻፈው የሹመቱ ስም ነው፤ ዛሬ በሹመቱ ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚያውቀው ሰርቨሩ ነው።

ሰርቨሩ መልእክት ሲቀበል ምን ያደርጋል?

አንድ ኢሜይል እንደ ወረቀት ደብዳቤ ሁለት ነገር ነው፤ ደብዳቤውና የታሸገበት ፖስታ። ፖስታውን ተጠቃሚው በጭራሽ አያየውም። ላኪው ሰርቨር ፖርት 25 በሚባለው የኢሜይል መግቢያ ወደ እኛ ሰርቨር ሲደውል በመጀመሪያ የሚናገረው የፖስታውን ነው፤ «ከእገሌ ነው»፣ ቀጥሎም «ለእገሌ ነው» ይላል። ሰርቨሩ ሁለቱን ሰምቶ «እሺ» ካለ በኋላ ብቻ ደብዳቤው ይገባል። ደብዳቤው ውስጥም «ከ» እና «ለ» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ በስልካችን የምናያቸው እነዚያን ነው። ሰርቨሩ ግን መልእክቱን ወዴት እንደሚያደርስ ሲወስን የሚመለከተው ፖስታውን ብቻ ነው።

አሁን በግቢው በር ላይ ደብተር የያዘ ዘበኛ እናስብ። ፖስታ ይመጣል፤ «ለሒሳብ ክፍል» ይላል። ዘበኛው ደብተሩን ይገልጣል፤ «ሒሳብ» ከሚለው አጠገብ «ካሳ» ተጽፏል። ፖስታው ላይ ያለውን ስም ሰርዞ «ካሳ» ይጽፍበትና ይልከዋል። ደብዳቤውን አይከፍተውም። ስለዚህ አቶ ካሳ ሲያነቡት «ለሒሳብ» የሚለው እንዳለ ነው።

አሊያስ የሚለውጠው በፖስታው ላይ ያለውን የተቀባይ ስም ነው፤ ሌላ ምንም አይለውጥም። ከታች ከሚመጡት እክሎች በርካቶቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ደብተሩ የት ነው ያለው?

እዚህ የምንናገረው ስለ ፖስትፊክስ ነው። ቪትሰ ቬኔማ የጻፈው፣ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ለሕዝብ የተለቀቀው ይህ ፕሮግራም በሊኑክስ ሜይል ሰርቨሮች ላይ በብዛት ይገኛል። ፖስትፊክስ ሁለት ደብተር አለው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ሊጻፍ የማይገባውን በመጀመሪያው ጽፎ ነው።

የመጀመሪያው

/ኢቲሲ/አሊያስስ

ነው። ሴንድሜይል ከሚባለው ከቀድሞው የሜይል ፕሮግራም የወረሰው አሮጌ ደብተር ነው። የሚያገለግለው ሰርቨሩ «የራሴ ቤት ነው» ብሎ ለሚያውቀው ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ በኋላ ላለው ክፍል)፣ ማለትም «ማይዴስቲኔሽን» በሚባለው ቅንብር ለተዘረዘረው ብቻ ነው። በግራ በኩል ያለው ስም ያለ ዶሜይን ይጻፋል፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ፤ ከዚያ ተቀባዩ፦

ፖስትማስተር: ሩት
ሩት: አስተዳዳሪ@ምሳሌ.ኢቲ

(ሩት እዚህ የሴት ስም አይደለችም፤ የሰርቨሩ የበላይ ተጠቃሚ መጠሪያ ናት። ሰርቨሩ ራሱ የሚጽፋቸው ማስጠንቀቂያዎች ወደ እሷ ይሄዳሉ፤ ይህን ሁለተኛ መስመር ያላስገባ ቤት ማስጠንቀቂያው ማንም በማይከፍተው ሳጥን ይከማቻል።)

ሁለተኛው

/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ቨርቹዋል

ነው። እዚህ በሁለቱም በኩል ሙሉ አድራሻ ይጻፋል፣ በመሃል ክፍት ቦታ ብቻ፦

መረጃ@ምሳሌ.ኢቲ    ካሳ@ምሳሌ.ኢቲ
ሒሳብ@ምሳሌ.ኢቲ    ካሳ@ምሳሌ.ኢቲ
ሽያጭ@ምሳሌ.ኢቲ    ካሳ@ምሳሌ.ኢቲ, ብርቄ@ምሳሌ.ኢቲ

የቱን መጠቀም? በዛሬ ጊዜ የሚተከሉ ሰርቨሮች ሳጥኖቻቸውን የሚያስቀምጡት የሊኑክስ ተጠቃሚ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በመክፈት ሳይሆን በዳታቤዝ ወይም በዝርዝር ነው። እንዲህ ያለው ዶሜይን በማይዴስቲኔሽን ውስጥ የለም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደብተር ለእሱ አይገለጥም። «ሽያጭ»ን እዚያ የጻፈ ሰው ምንም ቢያደርግ ላኪው የሚያገኘው «550፣ ተቀባዩ አይታወቅም» የሚል መልስ ነው። ሁለተኛው ደብተር ግን ለሁሉም ዶሜይን ይሠራል፤ የሚነበበውም ቀድሞ፣ መልእክቱ ወደ ወረፋው ሲገባ ነው። ተራ መሥሪያ ቤት ሁሉንም ነገር በሁለተኛው ቢጽፍ ይሻላል፤ በመጀመሪያው ውስጥ ፖስትማስተርንና ሩትን ትቶ።

ደረጃ በደረጃ እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ ያለውን ማወቅ ነው። «ፖስትኮንፍ» የሚለው ትእዛዝ ቅንብሮችን ያሳያል፦

ፖስትኮንፍ ማይዴስቲኔሽን
ፖስትኮንፍ ቨርቹዋል_አሊያስ_ማፕስ

ሁለተኛው ባዶ ከሆነ ወይም ሌላ ፋይል ካመለከተ፣ ሜይን.ሲኤፍ በተባለው ዋና ፋይል ውስጥ ይህ መስመር መኖር አለበት፦

ቨርቹዋል_አሊያስ_ማፕስ = ሃሽ:/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ቨርቹዋል

ቀድሞ ሌላ ነገር ተጽፎበት ከሆነ አይሰረዝም፤ አዲሱ በኮማ ይጨመርበታል። ሰርቨሩን የተከለው ሰው በዳታቤዝ ያዘጋጀው ከሆነ ይህን መስመር መተካት የሁሉንም አሊያስ ያጠፋል፤ አንድ አድራሻ ልጨምር ብሎ ሃምሳውን ማጥፋት የተለመደ ጥፋት ነው።

«ሃሽ» የሚለው የማውጫውን ዓይነት ነው። አዳዲስ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን ዓይነት እየተዉት፣ በምትኩ «ኤልኤምዲቢ» የሚባለውን እያስገቡ ነው። የትኛው እንደሆነ

ፖስትኮንፍ ዲፎልት_ዳታቤዝ_ታይፕ

ብሎ መጠየቅና የመለሰውን ቃል መጠቀም ነው።

ከዚያ ከላይ ያየናቸው መስመሮች በቨርቹዋል ፋይል ውስጥ ይጻፋሉ። ቀጥሎ የሚመጣው የሚረሳው ነው፦

ፖስትማፕ /ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ቨርቹዋል

ዘበኛው የሚያነበው እኛ የጻፍነውን ረቂቅ አይደለም። ከረቂቁ የተገለበጠ፣ በፍጥነት እንዲገለጥ የተደረደረ ቅጂ አለው፤ በሃሽ ከሆነ በስሙ መጨረሻ «.ዲቢ» የሚል የተጨመረበት ሌላ ፋይል ነው። ፖስትማፕ ያንን ይገለብጣል። ረቂቁን አርመን ሳንገለብጥ ከቀረን ዘበኛው የትናንቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ስህተት ነው ብሎም አይጮህም። ለመጀመሪያው ደብተር ደግሞ ገልባጩ ሌላ ነው፣ «ኒውአሊያስስ» ይባላል። አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

«ፖስትፊክስ ሪሎድ» የሚለው የሚያስፈልገው ሜይን.ሲኤፍ ሲነካ ነው። መስመር ብቻ ለተጨመረበት ደብተር ፖስትማፕ ይበቃል።

ሰው ሳይነካ መፈተሽ ይቻላል፦

ፖስትማፕ -ኪው ሒሳብ@ምሳሌ.ኢቲ ሃሽ:/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ቨርቹዋል

«ካሳ@ምሳሌ.ኢቲ» ብሎ ከመለሰ ደብተሩ ደህና ነው። ዝም ካለ አድራሻው በቅጂው ውስጥ የለም። ቀጥሎ ከውጭ፣ ለምሳሌ ከጂሜይል፣ መልእክት ይላክና ሰርቨሩ የሠራውን የሚጽፍበት መዝገብ ይታያል። በዴቢያንና በኡቡንቱ ሜይል.ሎግ፣ በሬድ ሃት ቤተሰብ ሜይልሎግ ይባላል። በዚያ መስመር ላይ «ቱ» ከሚለው ቀጥሎ የካሳ አድራሻ፣ «ኦሪግ_ቱ» ከሚለው ቀጥሎ የሒሳብ አድራሻ ከታየ፣ ዘበኛው ስሙን ሰርዞ ሲተካ በዓይናችን አየን ማለት ነው።

ሁሉን አድርጌ ለምን አይሠራም?

ከሁሉ የሚበዛው ያልተገለበጠው ቅጂ ነው፤ ብለነዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለት ነጥብ ነው። ከመጀመሪያው ደብተር የለመደ እጅ በሁለተኛውም «መረጃ@ምሳሌ.ኢቲ:» ብሎ ይጽፋል፤ ሁለት ነጥቡ የአድራሻው አካል ሆኖ ይቆጠራል፣ እንዲህ ያለ አድራሻ ደግሞ ማንም አይጽፍም።

በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለ ክፍት ቦታም ያስታል። በክፍት ቦታ የሚጀምር መስመር ለፖስትፊክስ አዲስ መስመር አይደለም፤ የበላዩ ቀጣይ ነው። ዝርዝሩ እንዲያምር ብሎ ወደ ውስጥ ገባ ያደረገው ሰው ሁለት አሊያስ አንድ ላይ ሰፋ ማለት ነው።

በቀኝ በኩል ዶሜይን የሌለው ስም ከተጻፈ ሰርቨሩ የራሱን ስም ይቀጥልበታል። «ካሳ» ብቻ የተባለው «ካሳ@ሜይል.ምሳሌ.ኢቲ» ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሳጥን የለም። ሁልጊዜ ሙሉውን መጻፍ ነው።

አንድ ዶሜይን በሁለት ቦታ መዘርዘርም ችግር ያመጣል። ማኅበሩ ሳጥን የሌለበት፣ ሁሉ ነገሩ ወደ አዲሱ የሚያመለክት አሮጌ ዶሜይን ቢኖረው፣ «ቨርቹዋል_አሊያስ_ዶሜይንስ» በሚለው ውስጥ ይጻፋል። ያው ዶሜይን በማይዴስቲኔሽንም ካለ ፖስትፊክስ በመዝገቡ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ከአንዱ ማውጣት ግድ ነው።

ሁሉን ያዥ የሚባለው አሊያስ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በግራ በኩል «@ምሳሌ.ኢቲ» ብቻ ተጽፎ በቀኝ «ካሳ» ቢሆን፣ ስሙ የተሳሳተ መልእክት ሁሉ ለአቶ ካሳ ይደርሳል። ሐሳቡ መልካም ይመስላል። ግን ቨርቹዋል ደብተሩ የሚነበበው ሳጥኖች ከመታየታቸው በፊት ስለሆነ፣ የወይዘሮ ብርቄ ትክክለኛ አድራሻም «@ምሳሌ.ኢቲ» በሚለው ይጠለፋል፤ ሳጥናቸው ባዶ ሆኖ ይቀራል። ይህን ለመከላከል ለእያንዳንዱ ሳጥን ራሱን በራሱ የሚጠቁም መስመር ያስፈልጋል፦

ብርቄ@ምሳሌ.ኢቲ    ብርቄ@ምሳሌ.ኢቲ

ፖስትፊክስ ሙሉ አድራሻውን አስቀድሞ ስለሚፈልግ ይህ ያሸንፋል። ያም ሆኖ ሁሉን ያዥ አይመከርም። አጭበርባሪዎች በዘፈቀደ ስም እየፈጠሩ ይልካሉ፤ ሁሉን ያዥ ያለበት ቤት የሁሉንም በር ከፍቶ ይቀበላል፣ አቶ ካሳም ቀኑን ሲሰርዙ ይውላሉ። የሚሳሳቱ ስሞች የታወቁ ከሆኑ እነሱን ብቻ በአሊያስ ማስገባት ይበልጣል።

መልስ ስጽፍ ለምን የግል ስሜ ይወጣል?

ዘበኛው የሚሠራው ወደ ግቢው በሚገባው ላይ ነው። ደንበኛ ለ«ሽያጭ» ጻፈ፣ ወይዘሮ ብርቄ አነበቡት፣ መልስ ሲሰጡ ግን ደብዳቤው የሚወጣው በ«ብርቄ» ስም ነው። ደንበኛው ያን ይይዛል፤ በሚቀጥለው ለብርቄ በቀጥታ ይጽፋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ተነሣንበት ችግር ተመለስን።

መፍትሔው ሁለት ቦታ ነው። በሚያነቡበት ፕሮግራም ላይ ሁለተኛ መለያ ይከፈታል፤ በተንደርበርድ «አይደንቲቲ» ይባላል። ለ«ሽያጭ» የመጣ መልእክት ሲመለስ የላኪው ስም ራሱ «ሽያጭ» ይሆናል፤ ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያው «ለ» ስላልተለወጠ ፕሮግራሙ ያውቀዋል።

በሰርቨሩ በኩል ደግሞ ማን በየትኛው ስም መላክ እንደሚፈቀድለት የሚዘረዝር ሌላ ሠንጠረዥ አለ፤ «ኤስኤምቲፒዲ_ሴንደር_ሎጊን_ማፕስ» ይባላል። ቁጥጥሩ በርቶ «ሽያጭ» በወይዘሮ ብርቄ አጠገብ ካልተጻፈ፣ መልሳቸው «553፣ አድራሻው የተጠቃሚው አይደለም» ተብሎ ይመለሳል። ቁጥጥሩን ማጥፋት ቀላል ነው፤ ግን ካጠፉት ማንኛውም የማኅበሩ ሠራተኛ በሊቀ መንበሩ ስም ለባንክ መጻፍ ይችላል። ሠንጠረዡን መሙላት ይሻላል።

አሊያሱ ወደ ጂሜይል ቢያመለክትስ?

ብዙ ሰው የሚፈልገው ይህን ነው፤ ብዙ መልእክት የሚጠፋውም እዚህ ነው።

በቀኝ በኩል የጂሜይል አድራሻ መጻፍ ይፈቀዳል። እንከኑ ፖስታው ላይ ነው። አሊያስ የተቀባዩን ስም ይቀይራል እንጂ የላኪውን አይነካም። ባንኩ ለማኅበሩ የላከው መልእክት ወደ ጂሜይል ሲሄድ ፖስታው አሁንም «ከባንኩ» ይላል፤ ያመጣው ግን የኛ ሰርቨር ነው። ባንኩ ደግሞ «በስሜ የሚልኩት እነዚህ ማሽኖች ብቻ ናቸው» ብሎ ዝርዝር አውጥቷል፤ ኤስፒኤፍ የሚባለው ይህ ነው። ጂሜይል ዝርዝሩን ያያል፣ የኛን ሰርቨር አያገኝበትም፣ ይጠራጠራል።

ሌላው ማረጋገጫ ዲኪም ነው፤ በደብዳቤው ላይ ያረፈ ማኅተም ነው። ደብዳቤው ካልተነካ ማኅተሙ በሌላ እጅ ቢያልፍም አይሰበርም። ስለዚህ በሚተላለፍ መልእክት ርዕስ ላይ ምልክት መጨመር፣ በግርጌው የማኅበሩን መፈክር መለጠፍ ማኅተሙን መስበር ነው። ዲማርክ የሚባለው መመሪያ ከሁለቱ አንዱ በትክክል እንዲጸና ይጠይቃል፤ ኤስፒኤፍ ወድቆ ዲኪም ከተሰበረ መልእክቱ ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) ከሚጠራቀምበት ይገባል ወይም ይመለሳል። የፖስታውን ላኪ ወደ ራሳችን ዶሜይን የሚለውጥ «ኤስአርኤስ» የተባለ ዘዴ አለ፤ ለፖስትፊክስ ፖስትኤስአርኤስዲ በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይሠራል። ኤስፒኤፍን ያድናል፤ ለዲማርክ ግን አይበቃም፣ ዲማርክ በደብዳቤው ላይ የተጻፈውን ላኪ ከፖስታው ጋር ያስተያያልና።

ሌላም ጣጣ አለ። ወደ አሊያሱ የመጣ ስፓም ሁሉ በኛ ሰርቨር በኩል ወደ ጂሜይል ያልፋል፤ ጂሜይል የሚቆጥረው በኛ ላይ ነው። እያደር የማኅበሩ ትክክለኛ ደብዳቤም አብሮ ይጠረጠራል። ሁለት ሰርቨሮች እርስ በርስ ሲያስተላልፉ ደግሞ መልእክቱ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፤ ፖስትፊክስ ከ50 ጊዜ በላይ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ያለፈን መልእክት ይመልሰዋል።

በስልክ ለማንበብ ከሆነ የተፈለገው ማስተላለፍ አያስፈልግም። ሳጥኑ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጥና ስልኩ አይማፕ በሚባለው ከሩቅ የማንበቢያ ዘዴ ይክፈተው።

ሰርቨሩ ደብረ ብርሃን ቢሆንና መብራት ቢጠፋስ?

የሚመጣው መልእክት ወዲያው አይጠፋም። ላኪው ሰርቨር ይዞት ደጋግሞ ይሞክራል፤ የኢሜይል ደንቡ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል፣ የፖስትፊክስ የራሱ ገደብም 5 ቀን ነው። አሊያስ ይህን አይለውጠውም። አንድ ነገር ግን ያስቸግራል፦ ደብተሩ እየተገለበጠ ሳለ መብራት ከሄደ ቅጂው ሊበላሽ ይችላል። ሰርቨሩ ሲነሣ ፖስትማፕን እንደገና መስጠት ነው፤ ረቂቁ እስካለ ድረስ ቅጂው በቀላሉ ይተካል።

ለብዙ ሰው የሚደርስ አሊያስ ግሩፕ ነው?

አይደለም፤ ቢመስልም። «ሁሉም@ምሳሌ.ኢቲ» ብሎ ሃያ ሰው መዘርዘር ይቻላል። ከሃያው የአንዱ ሳጥን ሞልቶ ከሆነ ግን የማይደርስ ማስታወቂያው የሚመለሰው ለላኪው ነው፤ ምክንያቱም በፖስታው ላይ ያለው ላኪ እሱ ነው። ለ«ሽያጭ» የጻፈ ደንበኛ «የእገሌ ሳጥን ሞልቷል» የሚል መልስ ሲደርሰው የማኅበሩን የውስጥ አድራሻ አወቀ ማለት ነው። ከዚያም በላይ «ሁሉም» የሚለውን ስም ያወቀ የውጭ ሰው ለሃያውም ይጽፋል፤ ላኪን መገደብ በአሊያሱ ውስጥ የለም፣ ለብቻው መዘጋጀት አለበት። ሦስት አራት ሰው ከሆነ አሊያስ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሆነና ሰው ለሚገባበት ለሚወጣበት ዝርዝር እንደ ሜይልማን ያለ የግሩፕ ፕሮግራም ይሻላል።

የግድ መኖር ያለባቸው አድራሻዎች አሉ?

አንድ አለ፦ ፖስትማስተር። የኢሜይል ደንቡ መልእክት የሚቀበል ዶሜይን ሁሉ እንዲኖረው ያዝዛል። በ1997 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ሰነድ እንደ «አቢዩስ»፣ «ዌብማስተር»፣ «ኢንፎ»፣ «ሰፖርት» ያሉትን ለየትኛው ሥራ እንደሆኑ ይዘረዝራል። «አቢዩስ» ችላ ሊባል አይገባም፤ ከሰርቨራችን ስፓም እየወጣ ከሆነ ሌሎች የሚያስጠነቅቁን በእሱ ነው። ሁለቱም ወደ አንድ የሚያነብ ሰው ያመልክቱ።

ሰርቨር የሌለው፣ ጉግል ወርክስፔስ ለሚባለው የጉግል የመሥሪያ ቤት ኢሜይል አገልግሎት የሚከፍል ቤት ይህን ሁሉ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ ያገኘዋል፤ ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 30 አሊያስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቀዳል። ለሁለት ሰው የሚደርስ ሲፈለግ ግን እዚያ አሊያስ ሳይሆን ግሩፕ ነው የሚከፈተው። ሲፓነል በሚባለው የማስተዳደሪያ ገጽ የሚሠራ ሰርቨር የተከራየ ደግሞ «ፎርዋርደርስ» የሚለውን ይፈልግ።

ሠራተኛ ሲለቅ በየትኛው ቅደም ተከተል ይሠራ?

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል። ዘበኛው በሩ ላይ የሚያየው በግራ በኩል ያለውን ስም ነው። «ሒሳብ» በደብተሩ ካለ መልእክቱን ይቀበላል፤ በቀኝ የተጻፈው ሳጥን መኖር አለመኖሩን የሚያውቀው ለማድረስ ሲሄድ ነው። ሳጥኑ አስቀድሞ ከተሰረዘ፣ ተቀብሎ ካበቃ በኋላ የማይደርስ ማስታወቂያ ጽፎ ይመልሳል። የመጣው ስፓም ከሆነ ደግሞ የላኪው ስም የተሰረቀ ነውና፣ ማስታወቂያው ምንም ለማያውቅ ሰው ይሄዳል፤ ይህን የሚያበዛ ሰርቨር በጥቁር መዝገብ ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሁለቱም ደብተሮች በቀኝ በኩል የሚለቀው ሰው ስም ያለበት መስመር ሁሉ ይፈለጋል። አንድ ሰው በአራት አምስት ቦታ ተጽፎ መገኘቱ የተለመደ ነው። በተተካው ሰው ይቀየራል፣ ይገለበጣል፣ በፖስትማፕ -ኪው አንድ በአንድ ይጠየቃል። ሳጥኑ የሚዘጋው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙም በላኪዎች ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ አብሮ ይወጣል።

የመጨረሻው ሥራ የሄደውን ሰው አሮጌ አድራሻ ራሱን አሊያስ ማድረግ ነው። ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ፣ ቀድሞ በተሰራጨው ደረሰኝ ላይ ያዩት ገዢዎች መጻፋቸውን አያቆሙምና፣ ይህ መስመር ይገባል፦

አስቴር@ምሳሌ.ኢቲ    ሒሳብ@ምሳሌ.ኢቲ

በቀኝ የተጻፈው የካሳ ስም አይደለም፤ «ሒሳብ» ነው። ፖስትፊክስ «አስቴር»ን ወደ «ሒሳብ»፣ «ሒሳብ»ን ወደ «ካሳ» እያለ ራሱ ይከተላል። አቶ ካሳ የለቀቁ ዕለት የሚነካው የ«ሒሳብ» መስመር ብቻ ይሆናል። በመሐል ሜዳው ማኅበር ግን አድራሻው የወይዘሮ አስቴር የግል ጂሜይል ስለነበር ይህን መስመር ለመጻፍ የሚያስችል ሰርቨር አልነበረም፤ ለእነሱ የቀረው አዲሱን አድራሻ ለገዢዎቹ እየደወሉ መንገር ነው።